ማርሚታውን ማን ይፍታው?

(ጅማ ውስጥ ለመኪና ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪው ራሱ መልሶ የጻፈው)

እንደምን ዋላችሁ።

ወደዚህ ስመጣ፣ ከጅማው መርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በሚወስደው መንገድ አንዲት ነጭ ቪትዝ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ከማየቴ በፊት ሰማኋት። የቡና መፈልፈያ ማሽን እያስነሳ የሚሄድ የጭነት መኪና መስሎኝ ዳር ያዝኩ፤ አለፈችኝ። ባለቤቷ አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ሳቁ ግን እየጠራው ነው።

እንድናገር የጋበዙኝ ሰዎች ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። የመኪና ማርሚታ ሲበላ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ራሱ መቀየር ይችላል ወይስ አይችልም? ብዙ ዓመት የመኪና ጥገና ሳስተምር ስለኖርኩ «አይቻልም፤ ለባለሙያ ተዉት» እንድል የጠበቁ ይመስለኛል። አልልም። ማርሚታ ለዓይን ከመኪና ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፦ ጥቂት ብሎን፣ ጥቂት ማንጠልጠያ ጎማ፣ አንድ ረጅም ቧንቧ። ሥራው የእናንተ መሆኑንና አለመሆኑን የሚወስነው ዝገቱ ነው። ዝገት ማንበብ የቻለ ሰው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መልሱን ያውቃል፤ ማንበብ ያልቻለ ደግሞ መኪናውን እሑድ ከሰዓት ላይ በትኖ ሰኞ በታክሲ ሥራ ይገባል።

ከስሙ ልጀምር። ማርሚታ የጣሊያን ቃል ነው፤ እንደ ክሪክ፣ እንደ ብሎን፣ እንደ ካቻቪቴ ሁሉ ከእነሱ ጋር መጥቶ እኛ ዘንድ የቀረ። በወረራው ዘመን ጅማ የአንድ ትልቅ ግዛታቸው መቀመጫ ስለነበረች፣ የእኛ ከተማ ጋራዦች ይህን ቋንቋ ከማንም ሳያንሱ ያውቁታል። በጣሊያንኛ ማርሚታ ማለት ድስት ነው። ከኋላ መከላከያው ሥር የተንጠለጠለውን ድምፅ ማፈኛ ጎንበስ ብሎ ላየው በእርግጥም ክዳኑ የተበየደ ድስት ይመስላል። እኛ ግን ስሙን ከድስቱ አልፈን ከሞተር እስከ ጅራት ላለው መስመር በሙሉ ሰጠነው። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። «ማርሚታዬ ተበላ» ያለኝ ሰው የትኛውን እንደሚል አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ እሱም አያውቅም።

መስመሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ላይ የታሰረው ማኒፎልድ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ይሰበስባል። ቀጥሎ የሞተሩን መንቀጥቀጥ የሚችል ተጣጣፊ ቧንቧ አለ። ከዚያ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ካታሊስት፣ ከዚያ መካከለኛው ድምፅ ማፈኛ፣ መጨረሻ ላይ ትልቁ ድስትና ጅራቱ። በአንዳንድ መኪና ካታሊስቱ ከማኒፎልዱ ጋር ተያይዞ ሞተሩ ጉያ ውስጥ ይገኛል። ወደ ፊት በሄዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ብሎኑ ይከራል፣ ዋጋው ይወደዳል። ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ሁሉም ይላላል። ስለዚህ እኔ ድንበሬን ካታሊስቱ ላይ አስምሬአለሁ። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው የባለቤቱ ሊሆን ይችላል። ካታሊስቱና ከእሱ በፊት ያለው የጋራዥ ነው። በዚህ የማይስማሙ መካኒኮች አሉ፤ እነሱ ግን የተሰበረ ብሎን የሚያወጡበት መሣሪያ አላቸው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ኮሮላ ነበረችኝ። የኋላው ድስት ተቀደደና እሑድ ቀን ግቢዬ ውስጥ ቀየርኩት። ሌላውን የማስተምር ሰው እኔው ነኝ፤ ማን ይናገረኛል? ሁለቱ ቧንቧዎች የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ጭስ እንዳያፈስ በመካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ አሮጌ ነበር። እሑድ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው፤ «ገና ይሠራል» ብዬ መለስኩት። የገዛሁት ድስት ጅራቱ ከፋብሪካው ጥቂት አጠር ያለ ስለነበር ጫፉ ከመከላከያው ውጪ ሳይሆን ከሥሩ ቀረ። የሻንጣ ክፍሉ ማሸጊያ ጎማም በአንድ ጥግ ተቀዶ ነበር። ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ምንም አይደሉም።

በሳምንቱ ለሠርግ ወደ አዲስ አበባ ተነሣን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና አማቴ። ዝናብ ስለነበር መስኮት ዘግተናል። ሰርቦን አለፍን። ልጆቹ ወዲያው አንቀላፉ፤ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ራሷን እንዳመማት ነገረችኝ፤ «መንገዱ ነው» አልኳት። አሰንዳቦ ስንቃረብ አማቴ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ልጄ፣ ከሰሉ ሳይቀጣጠል ወደ ውስጥ የገባበት ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። በሩን ክፈትልን» አሉኝ።

እንግዲህ እኔ የተማርኩት ሰውዬ የተረዳሁት በእሳቸው ቃል ነው። ከሰል አያይዞ ተኝቶ የማይነሣ ሰው ታሪክ በየሰፈራችን አለ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ከቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥ ያለውም ያው ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። አማቴ የሸተታቸው አብሮት የሚወጣው ሌላው ጭስ ነበር፤ ያም እድላችን ሆነ። ጋዙ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። መኪና ስትሮጥ ደግሞ ከኋላዋ አየሩ ይሳሳል፣ ጭሱም ወደዚያ ይሳባል፤ የተቀደደ ማሸጊያ ካገኘ በሻንጣ ክፍሉ በኩል ወደ ሰው ይገባል። መኪናውን አቁሜ አራቱንም በር ከፈትኩ። ልጆቹን ቀስቅሰን ዝናብ ላይ አቆምናቸው። ትንሹ አስታወከ። ሠርጉ ላይ ማንም ምንም አልሆነም፤ አማቴ ግን እስከ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ መስኮት ያወርዳሉ፤ እኔም ምንም አልልም።

ይህን የማነሣው ላስፈራራችሁ አይደለም። ማርሚታን ሰው ድምፅ ማጥፊያ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ድምፁ ከጠፋ ሥራው አለቀ ይላል። የእኔ ኮሮላ ያን ቀን ድምፅ አልነበራትም፤ እንደ ድመት ነበር የምትሄደው።

ወደ ዝገቱ ልመለስ፤ የዛሬው ጉዳይ እሱ ነውና። ብዙ ሰው ማርሚታ የሚበላው ከሥር በሚረጨው ውኃና ጭቃ ይመስለዋል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናትና ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወለዳል። አትገረሙ፤ ቤንዚን ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፣ ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ውኃ ይሆናል። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ቧንቧው ስለሚግል ውኃው ተንኖ ይወጣል። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ከዚያ ቆጪ ደርሶ፣ ከዚያ ተመልሶ ግቢ የሚቆም መኪና ግን የኋላው ድስት በደንብ ሳይሞቅ ይውላል። ውኃው እዚያው ይተኛል፤ ከጭሱ ጋር የመጣ አሲድም ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ድስቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ጥቁር ቀለሙ ሳይነካ ውስጡ እንደ ደረቀ እንጀራ የሚፈረፈር አይቻለሁ።

እንግዲህ ዝገቱን የምታነቡት በዓይን ብቻ አይደለም። መኪናው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሰዓታት ካለፉ በኋላ፣ ጓንት አድርጋችሁ ድስቱን ተጫኑት። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ የተፈታ ነገር ካለ እንደ ጠጠር ይንሿሿል። ከዚያ ብሎኖቹን ተመልከቱ። ዋናው እነሱ ናቸው። ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው የዳዶው ስድስት ማዕዘን ገና ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ ዝገቱም ላይ ላዩን የተኛ ቡናማ ዱቄት ከሆነ፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው። ማዕዘኑ ጠፍቶ ዳዶው እንደ ቡና ፍሬ ድቡልቡል ከሆነ መፍቻ አይዘውም። በመፍቻ ስትታገሉት ወይ ይንሸራተትና ጉልበታችሁ ከብረት ጋር ይጋጫል፣ ወይም ብሎኑ ከሥሩ ይቆረጣል። የተቆረጠ ብሎን ለማውጣት መሰርሰር፣ ማጋል፣ አንዳንዴም መበየድ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መኪናው ከግቢ የሚወጣው በገመድ ተጎትቶ ነው፤ ጎታቹም ያስከፍላል።

መካከለኛ ሁኔታ አለ፤ ከሁሉ የሚበዛውም እሱ ነው። ዳዶው ቅርፅ አለው፣ ግን ተጣብቋል። ለዚህ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ዋዜማውን ማታ ዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ረጭታችሁ እደሩ፤ ጠዋት ድገሙት። መፍታት ስትጀምሩ መጀመሪያ በጣም ጥቂት አጥብቁት፤ ዝገቱ ስንጥቅ ሲል ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ሩብ ዙር ፍቱ፣ መልሱ፣ እንደገና ፍቱ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ቡና ለቀማ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ማርሚታ ሥር ተኝቼ ነው የገባኝ።

ስለ መተኛት ካነሣን የጅማን አፈር ልውቀሰው። ቀዩ አፈራችን ለቡና በረከት ነው፤ ለክሪክ ግን ጠላት ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ከዝናብ በኋላ ግን ክሪኩ እንደ ቢላዋ ይሰምጥበታል፤ መኪናውም በአንድ ጎን ይዘማል። ግቢው ሲሚንቶ ካልሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሰፊ ጣውላ አድርጉ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መሸከሚያው የብረት ድጋፍ እግር ነው። ብሎኬት አትጠቀሙ፤ ብሎኬት ሳይጮኽ ይፈረካከሳል። የብረት ድጋፍ የሌለው ሰው ከጎረቤት ይዋስ፤ የሚያውሰው ካጣ ጋራዥ ይሂድ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ብየዳ ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ ይለወጣል። ተፈትቶ የሚገጠም ክፍል ከሱቅ ካገኛችሁ መፍቻ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው ለሌላ መኪና የተሠራ ድስት ነውና ቆርጦ መበየድ ይጠይቃል። በግቢ መበየድ ሲያስቡ የማያስቡት ሦስት ነገር አለ። አንደኛው የነዳጅ ታንክ ነው፤ በብዙ ትናንሽ መኪናዎች ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከማርሚታው ስንዝር ርቀት ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ነው፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ሳይነቀል፣ የመበየጃው ምድር ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ሳይያዝ ከተበየደ፣ ከብየዳው የሚበልጥ ወጪ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛውን ሰዎች አያውቁትም። አንዳንድ በያጅ ለማርሚታ ቧንቧ የቤት ውኃ መስመር ቧንቧ ይጠቀማል፤ ርካሽ ነው፣ ይገኛል። ያ ቧንቧ ግን በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ ሲነድ ነጭ ጭስ ይሰጣል፤ የተነፈሰው ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። አንድ ተማሪዬ ወባ ይዞኛል ብሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ንጹሕ ሆኖ ተመልሷል። ብየዳ ካለ የእኔ ምክር ድስቱን ገዝታችሁ ለበያጅ መውሰድ ነው፤ እሱም ታንኩን ሲጠነቀቅ አጠገቡ ቁሙ።

ስለ ካታሊስት ትንሽ ልቆጣ። «አውጣው፣ መኪናው ይፈጥናል» የሚሏችሁ አሉ። ካታሊስት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። እነዚህ ከወርቅ ጎራ የሚቆጠሩ ማዕድናት ናቸው። «ዝም ብሎ የሚያፍን ነው» ብሎ በነፃ የሚያወጣላችሁ ሰው ቆሻሻ መጣያ የሚወስደው ይመስላችኋል? ካታሊስቱ በደንብ ሲሞቅ አማቴን ያፈነውን ጋዝ አብዛኛውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ሲወጣ ከኋላው ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ወዲያው ያሳብቃል፤ የሞተር መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተር ሲሰካበት ፒ0420 የሚል ቁጥር ይወጣል። የታፈነ፣ የቀለጠ ካታሊስት መኪናን እንደሚያደክም እውነት ነው። ያን ጊዜ ይለወጣል። ጤነኛውን ማውጣት ግን ለሌላ ሰው ኪስ መሥራት ነው።

ዋጋ እንድናገር ፈልጋችኋል፤ ዛሬ የጠራሁትን ነገ አታገኙትምና አልጠራም። ይልቅ አገዛዙን ልንገራችሁ። መርካቶአችን ውስጥ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣል። ሲመጣ አለመግጠሙን ብታዩ ተመላሽ ማድረጉ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ስለዚህ የመኪናውን ስምና ዓመት ብቻ አትንገሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ላኩ፣ የአሮጌውንም ፎቶ ከነመለኪያ ሜትሩ ላኩ። አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ማንጠልጠያ ጎማም አብራችሁ እዘዙ። እኔ አንድ ጓርኒሲዮን የቆጠብኩበትን ቀን ነግሬአችኋለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አሁን ያሉን መኪናዎች ከእኛ ጋር ያረጃሉ፤ ይህን ሥራ ሦስት አራት ጊዜ እንደምትደጋግሙት አስቡ። ማርሚታ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው እዚህ ካለ በነፃነት ቡናውን ይጠጣ።

ለመግጠም የወሰነ ሰው አንድ ነገር ይያዝ፤ ምንም ነገር ወዲያው አያጥብቅ። ሁሉንም በላላው ይስቀል፣ ከፍሬን ቱቦ፣ ከታንክና ከወለሉ መራቁን ይይ፣ ጅራቱ ከመከላከያው መውጣቱን ያረጋግጥ፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ ያጥብቅ። ማንጠልጠያ ጎማው አልገባ ካለ የሳሙና ውኃ ይቀባው። ሲተኛ መነጽር ያድርግ፤ የዝገት ቅንጣት ዓይን ውስጥ ሲገባ ቀኑ እዚያው ያበቃል።

ከዚያ ፍተሻው። ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ አስነሡ። አንድ ሰው የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ ጅራቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይጫን፤ እናንተ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውኃ እየረጫችሁ አዳምጡ። አረፋ ከነፋ ወይም ፉጨት ከሰማችሁ ያፈሳል፤ ይፈታና እንደገና ይታሰር። ካላፈሰ ወደ ጅሬን ውጡ። አቀበቱ ሞተሩን በደንብ ያስጨንቀዋል፤ ሜዳ ላይ ዝም ያለ ቧንቧ እዚያ ወለሉን ማንኳኳት ይጀምራል። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትደርሱ አቁሙ፣ ይቀዝቅዝ፣ ስትመለሱ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ ድገሟቸው። ብረት ግሎ ሲቀዘቅዝ ይላላል።

ንግግሬ ይኸው ነው። ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ እጽፋለሁ።

የነጯ ቪትዝ ባለቤት እጁን አወጣና ድምፁን ሆን ብሎ እንዳስገጠመው፣ ጉልበት እንደሚጨምር እንደተነገረው ተናገረ። ጉልበቱን ለክቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። አልለካውም። «የተለወጠው ከመካከለኛው ድስት ወደ ኋላ ከሆነ የጨመረው ጆሮህ ነው» አልኩት፤ «ዓመታዊ ምርመራ ሄደህ ቦሎ ስትጠይቅ ደግሞ መርማሪውም ጆሮ አለው።» እናቱ አጠገቡ ነበሩ፤ ከእሱ ይልቅ እሳቸው አጨበጨቡ።

ሁለተኛው ጠያቂ ዕድሜያቸው የገፋ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ከኋላው ድስት ሥር በጣም ትንሽ ቀዳዳ እንዳለ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ እንደሚያንጠባጥብ፣ ቀዳዳዋ ከየት እንደመጣች ጠየቁኝ። በብዙ መኪና ላይ ከፋብሪካው የተበሳች መሆኗን፣ ቅድም የነገርኳችሁ ውኃ ድስቱ ውስጥ ተኝቶ እንዳይበላው መውጫዋ እንደሆነች ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ።

«አምና አስበየድኳት» አሉ።

«አባቴ፣ የ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ አለዎት?»

«ጎረቤቴ አለው።»

«እንግዲያው ዛሬ ማታ ይዋሱት።»